«ራስሽን ትወጂያለሽ?»

ታፕኪገን ባሏ ከሞተ በኋላ ያላበደችው በወሬ ነው። ለቀልድ አይደለም የምለው። በኬንያ፣ በኬሪቾ የሻይ እርሻ ሃያ ዓመት ግድም ቅጠል ስትቀጥፍ ከጎኗ ያለውን መስመር የምትይዘው ሮዳ ነበረች። ሮዳ አፏ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት። ጤዛው ሳይረግፍ የጀመረችውን ሐሜት ቅርጫታቸው ሞልቶ ሚዛን ላይ እስኪወጣ አትጨርሰውም። ፓስተሩ የማንን ቤት እንዳዘወተረ፣ የትኛዋ ምራት ለአማቷ ወተት የሌለው ሻይ እንደሰጠች፣ ሁሉም እሷ ዘንድ አለ። ምሳ ሲደርስ ቁጥቋጦው ሥር ተቀምጠው የበቆሎ ገንፎ በጎመን ይበላሉ። ማታ ታፕኪገን ጎኗን ከማሳረፏ እንቅልፍ ይወስዳታል።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት የሚሄድ፣ ቅጠሉን እየላጨ ወደ ከረጢት የሚተፋ ነገር ነው። ለብዙ ሴት ሥራ ጥቂት ሰው በቃ። ታፕኪገን ጉልበት ስላላት ቀረች፤ ሮዳ ተሰናበተች። ዕቃዋን ሸክፋ ቦሜት ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ስትል፣

«አንቺ ዕድለኛ ነሽ እቴ፤ አታልቅሺ፣ ሰው ይታዘብሻል» አለቻት።

ሰፈሩም ዕድለኛ ነሽ አላት። እሷም አመነች። ሥራ ያጡት እያሉ እኔ ከፋኝ ማለት አሳፈራት።

በማሽኑ ማዶ ያለው ሰው ቢናገርም አይሰማም፤ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ እንደ ግማሽ ዱባ የተደፋ የጩኸት መከላከያ አለ። ማሽኑ ሥራ እንዳይፈታ ምሳ በየተራ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ ብቻዋን፣ ቆማ፣ ዳቦ በሻይ ትውጣለች። ጩኸቱ ማታም ጆሮዋን አይለቃትም። እንቅልፍ ሸሻት። ከበሮው ራሴን ይመታኛል ብላ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። የጓሮዋን ጎመን አረም ዋጠው። በቅል ያረጋችው ወተት ተበላሽቶ ተደፋ፣ ደግማ አላረጋችም። በአንድ ቀን የሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው እንኳ በደነገጠ፤ በየቁራጩ ስለሆነ ግን ጎረቤት ሁሉ ደክሟት ነው እያለ አለፈ።

የእኛ የኪፕሲጊሶች ሰላምታ «ቻምጌ?» ነው። ሲፈታ፣ ራስሽን ትወጂያለሽ ወይ እንደ ማለት ነው። መልሱ «ሚሲንግ» ነው፤ በጣም። ሌላ መልስ የለውም። ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ልጁን የቀበረም፣ መጀመሪያ «ሚሲንግ» ብሎ ነው ወደ መከራው የሚገባው። አንድ ጠዋት ካቦው አራፕ ሶይ በሰልፉ ፊት እያለፈ «ቻምጌ?» አለ። ሁሉም ባንድ አፍ መለሱ። ታፕኪገን የተጠየቀችውን ያሰበችበት ይመስል ትንሽ ዘገየችና፣

«አቺቻ» አለች። አይ፣ ማለት ነው።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። «ይቺ ሴትዮ ዛሬ ምን በልታ መጣች?» አለ ካቦው ዓይኑን እየጠረገ። እሷም ሲስቁ አይታ ከንፈሯን ገለጥ አደረገች፤ ይኼኔ ቀልድ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቻምጌ?» «አቺቻ፣ እንደ ታፕኪገን!» እየተባባለ ይስቅ ነበር። አንዲት ሴት አፍ አውጥታ እውነቷን ብትናገር እኛ ጨዋታ አደረግነው። አሁንም ድረስ ያናድደኛል።

ቀልዱ ቦሜት ገበያ ደረሰ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እየተንከተከተች ለሮዳ ነገረቻት። ሮዳ አልሳቀችም።

«ራሷ ታፕኪገን ናት ያለችው?»

«አዎ፣ እንዴት ያለች ቀልደኛ ናት!»

«ታፕኪገን ቀልድ አታውቅም» አለች ሮዳ። «የምቀልደው እኔ ነኝ። እሷ መሳቅ ብቻ ነው የምታውቀው።»

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። የታፕኪገን የዕረፍት ቀን ነበር። ካፖርቷን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት፤ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ያልታጠበ ልብስ ጥግ ላይ ተቆልሏል። ሮዳ ደነገጠች። ሲጨንቃት የምታውቀው መላ አንድ ብቻ ነውና ወሬ ጀመረች፤ የወንድሟ ሚስት የከብት ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ቀሚስ እንደምትቀይር፣ ላሚቱ ደህና ሆና ሳለ ታማለች ብላ እንዳስጠራችው። ድሮ ቢሆን ታፕኪገን ሆዷን ይዛ በወደቀች ነበር። አሁን ግን ጥርሷን እንደሚያማት ሰው ግንባሯን ቋጠረች።

«ሮዳ።»

«ወዬ።»

«ወሬሽ ከበደኝ። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ ግን እኔ ጋ አይደርስም። እባክሽ ሂጂልኝ። ደግሞ እንዳትቀየሚኝ።»

«ነይ አብረን እንሂድ። ወንድሜ ቤት ቦታ ሞልቷል።»

«እዚያም ታወሪያለሽ።»

«ዝም እላለሁ።»

«አንቺ?» አለች ታፕኪገን። ከዚያ በክብር እጇን ይዛ አስወጣቻትና በሩን ቀረቀረችው።

ሮዳ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። መንገደኛ ሰላም ሲላት አልመለሰችም። ምን እንደገጠማት የጠየቋትንም በዓይኗ ብቻ አየቻቸው። ሲመሻሽ የቦሜቱ የመጨረሻ አውቶቡስ ከታች ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ እሷ አልተነሳችም፣ አንድ ቃልም አልተነፈሰች። በሩም እንደተቀረቀረ ነበር።