ያልተበላሸው ካርቶን

ወንድሜ የጣሳ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። እሱ የሚቆጣጠረው የመርጫ ቫልቭ በየጣሳው ሆድ ውስጥ ስስ ቫርኒሽ ይነፋል። ቅቡ ከሳሳ ጣሳው ይዝጋል፣ ከወፈረ ይንጠባጠባል። ስለ ቫልቭ ከጠየቃችሁት መሽቶ ይነጋል እንጂ ወሬው አያልቅም። ሴት ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰራል። እናታችን «ልጄ ከቫልቭ ጋር ተጋብቶ ቀረ» እያለች ስታማርር እስቃለሁ፤ ነገሩ ግን እኔንም ያንገበግበኝ ነበር።

የወደደው ደግሞ እዚያው ፋብሪካ እኔ ከማሽግበት ጠረጴዛ አጠገብ የምትቀመጠውን የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ጥቁር ካርቶን ላይ አንዴ ይረጭና ይልክላታል። ቅቡ እኩል ከሆነ ፈርማ ትመልስለታለች። ከተበላሸ ግን በደንቡ መሠረት ራሷ ቫልቩ ድረስ ሄዳ መንገር አለባት። ወንድሜ የተበላሸ ልኮ አያውቅም፤ ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት ከ«ደህና አደርሽ» ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም።

አንድ ሰሞን ተቆጣጣሪዋ ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ልትዛወር ነው የሚል ወሬ መጣ። ቅዳሜ የመጨረሻ ቀኗ ነው ተባለ። ወንድሜ አመድ መሰለ።

«አንተ ጅል፣ አንዴ እንኳ አበላሽተህ ላክላት!» አልኩት። «ራሷ ትመጣልሃለች፤ ያኔ የልብህን ትነግራታለህ።»

«እሺ» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሩቅ አየዋለሁ። የቫልቩን ብሎን ያላላል፣ ይረጫል፣ ካርቶኑን አይቶ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ይጥለዋል፣ ብሎኑን መልሶ ያጠብቃል። ብልሹ ሥራ መላክ እጁ እምቢ አለው። በመጨረሻ የላከው ካርቶን እንከን አይወጣለትም ነበር። ደሜ ፈላ።

ተቆጣጣሪዋ ካርቶኑን መብራት ሥር አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሳትፈርም ተነስታ ወደ እሱ አመራች። እኔም ወሬ አያምልጠኝ ብዬ ሥራዬን ጥዬ ተከተልኳት።

«ይሄ ተበላሽቷል» አለችው።

ጉድ በሉ! ሌሊቱን ሲለማመድ ያደረው ንግግር ድራሹ ጠፋና ቱግ አለ።

«የቱ ጋ? እስቲ አሳዪኝ!»

«እዚህ ጋ ወፍሯል።»

«አልወፈረም!»

«እዚህ ጋ ደግሞ ሳስቷል።»

«ዛሬ ዓይንሽን ምን ነካው?»

እኔ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

እሷ ካርቶኑን ዝቅ አደረገች። «ምንም አልሆነም። አንድ ቀን የተበላሸ ይልክልኛል ብዬ ስንት ዓመት ጠበቅሁ። ዛሬም እምቢ ስትል ራሴ መጣሁ። ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ፤ ቅሪ ካልከኝ ዝውውሩን አሰርዛለሁ።»

ወንድሜ ካርቶኑን ከእጇ ወስዶ እንደገና ያገላብጣል። ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። እኔ በሆዴ «ተናገር እንጂ፣ ምን ይጋረጥብሃል!» እላለሁ።

«ቅሪ» አለ በመጨረሻ። «ግን መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ፈርሚ።»