አንድ ሌሊት ይጨመርበት

በቬተርሁዘን መንደር ዊብረን ዳይክስትራን የማያከብር ሰው የለም፤ የሚታገሠው ግን ጥቂት ነው። የበረዶ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆይ በረዶ ላይ አንድም ሰው አልሞተበትም። እርግጥ በእነዚያ ዓመታት ማንም በእሱ ፈቃድ በረዶ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዊብረን የፊተኛውን ሲያወራ እንጂ የኋለኛውን ሲያነሳ የሰማ የለም።

የሊቀመንበሩ ሥራ ከባድ አይደለም። ብርዱ ጠንክሮ ቦዮቹና ሦስቱ ሐይቆች ሲረጉ መሰርሰሪያውን ይዞ ይወጣል፤ በረዶውን ይበሳል፤ ውፍረቱን ይለካል። በቂ ነው ካለ ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዞሩት የሦስቱ ሐይቆች ዙር ይታወጅና መንደሩ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ደንቡ “በሁሉም ቦታ አስራ አምስት ሳንቲሜትር” ይላል። “በሁሉም ቦታ” የምትለዋን ማን እንደጨመራት አይታወቅም፤ ዊብረን ግን ከልቡ ወዷታል። ድልድይ ሥር ነፋስ ይገባል፣ ዳክዬ ይዋኛል፤ እዚያ በረዶው ምንጊዜም ይሳሳል። ስለዚህ ብርድ በመጣ ቁጥር ሰማዩን ቀና ብሎ ያይና “አንድ ሌሊት ይጨመርበት” ይላል። ሌሊቱ ይጨመራል። ዝናብም አብሮ ይጨመራል።

ሰውየው ለበረዶ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነገር እንዲሁ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ዳር ዳር ሲል የአሁን ሚስቱ ሂስከ ሰልችቷት “ታገባኛለህ ወይስ ልሂድ?” ብላ ራሷ ጠየቀችው። እሱም ትንሽ ጊዜ እንድትሰጠው ለመናት። ልጆቻቸው ውሻ ግዛልን ሲሉት ደግሞ የትኛው ዝርያ እንደሚሻል ሲያጣራ ልጆቹ አደጉ፣ አገቡ፣ የየራሳቸውን ውሻ ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ዊብረን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ይለዋል። ሂስከ ሌላ ስም ሰጥታዋለች፤ እንግዳ ፊት ግን አትጠራውም።

ዘንድሮ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ሂስከ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የዳሌዋ መገጣጠሚያ አልቆ በመጋቢት ቀዶ ጥገና ይጠብቃታል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ መራመድም ብስክሌት መንዳትም ትችያለሽ፣ በረዶ ላይ ግን ዝር እንዳትዪ ብሏታል። የመጨረሻውን ዙር የሄደችው ከዊብረን ጋር ነበር፤ በአገሩ ወግ ጥንዶች ተከታትለው የሚንሸራተቱበትን ረጅም እንጨት እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ይዘው፣ ሁለቱም ወጣት ሳሉ። አሁን አንድ ጊዜ ልትደግመው ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ ዳሌዋን እንደፈለጉ ያድርጉት።

“ትሄጃለሽ፤ በረዶው ይድረስ እንጂ” አላት።

“በረዶው ደርሷል። ያልደረስከው አንተ ነህ።”

ረቡዕ ማታ ማኅበሩ ተሰበሰበ። በረዶው በየቦታው ከደንቡ አልፏል፤ በወፍጮው ድልድይ ሥር ብቻ አስራ አንድ ሳንቲሜትር ነው። ጎረቤታቸው ዱርክ፣ ጡረታ የወጣ የወተት ገበሬ፣ እጁን አወጣ።

“ምን ችግር አለ? እንደ አባቶቻችን ቦዩ ዳር ላይ ምንጣፍ እናነጥፍና ሰው ባለስለት ጫማውን ሳያወልቅ ድልድዩን በእግሩ ይለፈው።”

“የዳሩን መሬት ማየት አለብኝ” አለ ዊብረን።

“አንተ ሰውዬ፣ አርብ በረዶ የሚያቀልጥ የደቡብ ነፋስ ይመጣል ተብሏል እኮ።”

“ተባለ እንጂ መጣ?”

ዊብረን እንዲህ ነው። በረዶውን በዐይኑ ካላየ አያምንም፤ ነፋሱንም በዐይኑ እስኪያይ አይፈራም። ስብሰባው አንድ ሌሊት ተጨምሮበት ተበተነ። ሂስከ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ምንም አልተናገረችም። ባልየው ዝምታዋን እንደ ድጋፍ ቆጥሮ ደህና እንቅልፍ ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት ሩቅ ያለውን ሐይቅ ሊለካ ወጣ። ለምሳ ሲመለስ የሳሎኑ ወለል ባዶ ነው። ጠረጴዛው በባዶ ጣውላ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ሌባ ገባ ብሎ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ቴሌቪዥን ትቶ ምንጣፍ የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው ብሎ ግራ ገባው። በመስኮት ወደ ጎረቤት ቢያይ የዱርክም ሳሎን ባዶ ነው። ከማዶ ያለውም እንደዚያው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው፤ መሰርሰሪያውን እንደያዘ ወደ ወፍጮው ድልድይ ሮጠ።

የእናቱ ምንጣፍ፣ ቀይ አበባ ያለበት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጫማ ያልተረገጠው፣ ዳር ላይ ተነጥፏል። መንደሩ በሙሉ ስለት ባለው ጫማ እየረገጠው ያልፋል። ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ አስተማሪዋ አለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስም አሉ። እየሳቁ ከቦዩ ይወጣሉ፣ ምንጣፉን እንደ ዳክዬ እየተንገዳገዱ ያልፋሉ፣ ከድልድዩ ወዲያ ተመልሰው ይወርዳሉ።

“ማን ፈቅዶ ነው?” አለ ዊብረን።

“ማንም አልፈቀደም” አለው ዱርክ። “ለዚህ ነው የተሳካው።” የእንጨቱን አንድ ጫፍ ይዞ ከቦዩ እየወጣ ነበር። ሌላውን ጫፍ የያዘችው ሂስከ ናት።

ፊቷ በብርዱ ቀልቷል፤ እያነከሰች ምንጣፉ ላይ ቆመች። አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን አንድ ጥንድ ባለስለት ጫማ አውርዳ አቀረበችለት።

“ያንተ ነው። ትናንት ማታ ስለቱን አስሞርጄዋለሁ። ዱርክ እንጨቱን ይለቅልሃል፤ ና።”

ዱርክ እንጨቱን ወዲያው ዘረጋለት። ዊብረን እንጨቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ አሻግሮ በረዶውን አየ።

“ቀጣዩን ድልድይ ልይና ልምጣ። አምስት ደቂቃ ብቻ።”

ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። ሂስከ ግን “እሺ” አለችው፤ ጫማውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ እንጨቷን ያዘች፣ ከዱርክ ጋር ሄደች።

ቀጣዩ ድልድይ ደህና ነበር። ደህና ከሆነ ዘንዳ ሦስተኛውንም ማየት ተገቢ ነው፤ እሱም ደህና ነበር። ሊቀመንበሩ ያለውን በረዶ ሁሉ አጣርቶ ሲመለስ ፀሐይ ወደ ሸንበቆው አዘንብላለች፤ ምንጣፉ ላይ ከጫማው በቀር ማንም የለም። እዚያው ተቀመጠ። ማሰሪያውን አሰረና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይለካ ወረደ።

መንሸራተት አልረሳም። በመጀመሪያው ሐይቅ ላይ ነፋሱ ከኋላው ገፋው፤ እግሩ የወጣትነቱን ነገር አስታወሰ። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ። እየተመለሱ ያሉ ሰዎች ሲያዩት “ሊቀመንበር፣ ታወጀ እንዴ?” እያሉ አለፉት። እሱ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አልነበረውም። በየመታጠፊያው የሂስከን ሰማያዊ ኮፍያ ያየ ይመስለውና ይፈጥናል፤ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። ሦስቱንም ሐይቆች ብቻውን ዞረ።

ሂስከ ከዙሩ ማብቂያ፣ የአተር ሾርባ ከሚሸጥበት ድንኳን አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሯን ዘርግታለች፤ ጫማዋን አውልቃለች። ዱርክ ሾርባዋን ይዞላት ነበር፤ ዊብረን ሲመጣ አይቶ ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ዞር አለ።

“አንዴ፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ” አለ ዊብረን እያለከለከ። “ቀስ ብለን። እኔ እይዝሻለሁ።”

“አልችልም ዊብረን። ጫማውን ያወለቁልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው።”

አጠገቧ ተቀመጠ። ላቡ ጀርባው ላይ መቀዝቀዝ ጀመረ። እሷ ሐይቁን እያየች፣

“በረዶው እንዴት ነበር?” አለችው።

“ጥሩ ነበር።”

“ጠዋትም ጥሩ ነበር” አለችና ሾርባውን አቀበለችው።