ፍሬንና የታናሿ መርፌ

እኔ የምሠራበት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ አንዲት የመንዳት አሠልጣኝ አለች፤ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚላት። ተማሪ መሪ ሲያሳስት በእሷ በኩል ያለውን ፍሬን ድንገት ትረግጠውና ሰውዬው ግንባሩ መስታወቱን ሊስም ይደርሳል። ከዚያ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ራስህን ብትገድል ግድ የለኝም፤ መኪናው ግን የመሥሪያ ቤቱ ነው» ትለዋለች። እኔ የትራፊክ ሕግ ነው የማስተምረው፤ የክፍሌ መስኮት ወደ ግቢው ስለሚያይ እያለቀሱ ከመኪናዋ የወረዱ ጎልማሶችን አይቻለሁ። ግን እሷ ያሠለጠነችው ሰው ፈተና አይወድቅም። ስለዚህ እያሟትም ቢሆን ተራ ይጠብቃሉ።

ፊቷ ጠባሳ ነበረው። በልጅነቷ ብጉር ክፉኛ አሠቃይቷት ጉንጮቿን ሸንቁሮባት አልፏል። ተማሪ ትኩር ብሎ ካያት «እኔ ላይ ምልክት የለም፣ መንገዱን እይ» ትለዋለች። እንዲህ ስትናገር የምንሰማት ባልደረቦቿ ጉዳዩ ጨርሶ የማይገዳት ይመስለን ነበር።

ታናሽ እህት አለቻት። ታናሽየዋ «ቆንጆዋ» እየተባለች ነው ያደገችው። እናታቸው እንግዳ ሲመጣ ትንሿን ሳሎን ያስቀምጧት፣ ትልቋን ወደ ጓዳ ይልኳት ነበር። ሴትዮዋ ምንም አላሰቡበትም ይሆናል፤ ግን ሁለቱንም ልጆች አበላሽተዋቸዋል። አንደኛዋ ሰው ሁሉ ሊያደንቃት የተፈጠረ ይመስላታል፣ ሌላኛዋ ደግሞ ሰው ሁሉ ሊሰድባት ያሰፈሰፈ። ትዳር ይዘው፣ ወልደው እንኳ አልበረደላቸውም። እናታቸው ቤት ሲገናኙ ጉንጫቸው ሳይነካካ አየር ይሳሳማሉ፤ ውሃ ተቀድቶ ሳያልቅ ታናሽየዋ የታላቋን ጫማ፣ ታላቅየዋ የታናሿን ምላስ መተቸት ይጀምራሉ።

ታናሽየዋ የውበት ሳሎን አላት። ፀጉር ስትሠራ ቆይታ የቆዳ ሥልጠና ወሰደችና አንድ ማሽን አስገባች። ወፈር ያለ እስክሪብቶ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ መርፌዎች አሉት። ቆዳውን ቶሎ ቶሎ ይወጋጋዋል፤ ቆዳው ቁስሉን ለመጠገን ሲታገል የድሮውን ጉድጓድም እያሟላ ይመጣል ነው የሚባለው። ይህንን እናታቸው ቤት ምሳ ላይ፣ አክስቶች በተሰበሰቡበት ስታስረዳ ቆየችና ወደ ፍሬን ዞረች።

«እትዬ፣ ያንን ፊት ለእኔ ብትሰጪኝ እኮ ሰው አደርግሽ ነበር።»

አክስቶቹ አቀረቀሩ። እናታቸው ሳቁ። ፍሬን በኋላ ስትነግረኝ፣ ከእህቷ ንግግር ይልቅ አንጀቷን የቆረጣት የእናቷ ሳቅ ነበር።

በሳምንቱ ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ለመቆንጀት አልነበረም፤ ነገሩ ሳይሠራ ሲቀር በሚቀጥለው ምሳ ፊቷን ደቅና «ይኸው ሙያሽ» ለማለት ነበር። እሷ እንዲህ ነው የምትለው። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላምናትም። ሰው ለእልህ ብቻ ብሎ ፊቱን ለመርፌ አይሰጥም። የሆነች ትንሽ ተስፋ ነበረቻት፤ ይህንን ፊት ለፊት ብነግራት ግን ከመኪና በታች ታስገባኛለች።

ክፍሉ ከሳሎኑ ጀርባ ነው። አንድ ተጣጣፊ አልጋ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ መብራት፣ ከግድግዳው ማዶ የፀጉር ማድረቂያ ጩኸት። ታናሽየዋ እጇን ታጠበች፣ አዲስ ጓንት አጠለቀች፣ የታሸገውን የመርፌ ጫፍ እያሳየቻት ከፈተችው። «ይህንን አልክድባትም» ትላለች ፍሬን። ከዚያ የምትወስጂው መድኃኒት፣ ፊትሽ ላይ የምትቀቢው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ነበረ። ፍሬን ለብጉር ብላ ቆዳ የሚልጥ ቅባት በየማታው ትቀባ ነበር። ሌላም ነበረ። የዚያን ቀን ጠዋት የከንፈሯ ጥግ ይለበልባት፣ ይነዝራት ጀምሮ ነበር። ስሜቱን ታውቀዋለች፤ ሲደክማት የሚመታት ምች ነው። በከንፈር ቀለም ሸፈነችው።

«ፖሊስ ነሽ? ሥራሽን ሥሪ» አለቻት።

ታናሽየዋ ፊቷ ተቀያየረ። የሚቀሩ ጥያቄዎች ነበሯት፦ ከንፈርሽን ምች ይመታሻል ወይ፣ ቁስልሽ ሲድን አብጦ ይቀራል ወይ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ። ሥልጠናው ላይ ሳትጠይቂ እንዳትነኪ ተብላለች። አኮረፈችና ተወችው። አገጯ ላይ መግል የቋጠሩ ብጉሮች አይታለች፤ እነሱንም አለፈቻቸው። የሚያደነዝዘውን ቅባት ቀባቻትና እስኪሠራ ሁለቱም ጠበቁ። አንዷ ጣሪያውን፣ ሌላዋ ጥፍሯን እያየች።

ማሽኑ ሲጀምር የደም ነጠብጣብ በጉንጯ ላይ ብቅ ብቅ አለ።

«ያምሻል?»

«ካንቺ አፍ አይብስም።»

ሲያልቅ ታናሽየዋ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ እየሰበሰበች ማድረግ የሌለባትን ነገረቻት። ፀሐይ አትግቢ፣ ዱቄትም ሆነ ቀለም አትቀቢ፣ በእጅሽ አትነካኪው፣ እኔ ከሰጠሁሽ ቅባት ሌላ አታስነኪው። ፍሬን ሰማች። በማግስቱ ሥራ ገባች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል አንድ ጉንጯን ሲጠብሰው ዋለ፤ ቅላቱ እንዳይታይም ዱቄት ለድፋበት ነበር። እኔ አይቻታለሁ። ግን ማን ደፍሮ ይናገራታል?

ከቀናት በኋላ ከከንፈሯ ጥግ የተነሳው ውሃ የቋጠረ ቁስል አገጯን አዳርሶ ወደ ጉንጯ ወጣ። ትኩሳት ለቀቀባት፤ የአንድ ዓይኗ ሥር አበጠ። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የማያውቅ ዝምተኛ ሰው። ያን ጠዋት ግን የመኪናውን ቁልፍ ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተና ሐኪም ቤት ሂጂ አላት። እሺ አለችው። ቀጥታ የሄደችው ግን ሳሎኑ ጋ ነው።

ቅዳሜ ስለነበር ቤቱ ሞልቷል። መሐል ቆመችና ፊቷን የሸፈነችበትን ሻርፕ ገለጠች።

«ሰው አደርግሻለሁ አላልሽኝም? ያደረግሽውን ለደንበኞችሽ አሳዪያቸው።»

ታናሽየዋ ደነገጠች። ግን ድንጋጤዋ ብዙ አልቆየም፤ ቁጣ ቀደመው።

«ሆን ብለሽ ነው። ምች መትቶሽ ነበር አይደል? ያን ሁሉ ቀለም ከንፈርሽ ላይ የለደፍሽው ለዚህ ነበር።»

«አይተሽዋል ማለት ነው።»

ታናሽየዋ ፎጣ ማጣጠፍ ጀመረች።

«አይተሽው ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። አንድ አልጋ ላይ አይደል ያደግነው? ከንፈርሽ ሊፈነዳ ሲል ካንቺ ቀድሜ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን ወጋሽኝ?»

«ብጠይቅሽ ትሰድቢኛለሽ። ብመልስሽ ደግሞ አልቻለችም ትያለሽ።»

ፍሬን ሻርፑን መልሳ ተከናነበች። ፀጉሯ በቢጎዲን የተጠቀለለ አንዲት ደንበኛ ቦርሳዋን አንስታ በዚያው ውልቅ አለች። ሌሎቹ ተከተሏት። ታናሽየዋ ባዶውን ወንበር አየች፣ የእህቷን ዓይን አየች፣ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳችና «ነይ፣ ሐኪም ቤት» አለቻት። መንገዱን በሙሉ የተነጋገሩት ስለ ማርሽ ብቻ ነው፤ ያውም በስድብ።

የቆዳ ሐኪሟ አንጋፋ ሴት ናቸው፤ ማባበል አይወዱም። ፊቷን በመብራት አገላብጠው አዩና ሁለቱንም አስቀመጧቸው። ምች የምትሉት፣ አሉ፣ ከሰውነት የማይወጣ ቫይረስ ነው፤ ተኝቶ ይቆይና ይነሳል። ሊነሳ ሲል ቆዳውን በመርፌ መበሳሳት ማለት በየቀዳዳው መዝራት ማለት ነው። የሚመታው ሰው አስቀድሞ ከተናገረ መከላከያ ኪኒን ይሰጠዋል፤ ከንፈሩ ላይ ምልክት ካለ ደግሞ እስኪድን ቀጠሮው ይተላለፋል። ቆዳ የሚልጥ ቅባት ከቀናት በፊት ይቆማል። መግል የያዘ ብጉር ላይ መርፌ አይሄድም። ፀሐዩ ደግሞ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ለወራት የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል። ይህ ሁሉ በደንብ ቢሠራ እንኳ የጠባሳ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ ደጋግሞ መመላለስ ይጠይቃል፤ ጨርሶም አይጠፋም።

ከዚያ ወደ ታናሽየዋ ዞሩ። «አንቺ የማትጠይቂ ከሆነ መርፌውን አስቀምጪው።» ወደ ፍሬን ደግሞ፣ «አንቺም የምትደብቂ ከሆነ ማንም አይንካሽ። ዓይንሽ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ማንን ነበር የምትከሺው?»

ኪኒኑን ወሰደች፤ ቁስሉ ደረቀ። ጉንጯና አገጯ ላይ ግን ጥላሸት የተቀባ የመሰለ ጥቁረት ቀረ፤ ለወራት አልለቀቃትም። የድሮ ጉድጓዶቿም እንደነበሩ ናቸው። ፀሐይ ስለተከለከለች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ አስቀመጧት፤ ቢሮው በሙሉ ተሠቃየ።

እናታቸው ሊጠይቋት የመጡ ቀን ታናሽየዋም እዚያው ነበረች፤ ምግብ አምጥታ፣ ሳትቀመጥ ልትሄድ ስትል ነው የደረሱት። እናታቸው የፍሬንን አገጭ ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩና፣ ድሮስ ለዚህ ፊት ምን አስጨነቀሽ፣ ባለሽበት ብትቀመጪ ኖሮ አሏት።

«እማዬ፣ ይብቃሽ» አለች ታናሽየዋ በሩ ላይ ቆማ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እናታቸው እሷን እንዲህ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። የፍሬንን አገጭ ለቀቁ።

«ግማሹ» አለች ፍሬን፣ ከሶፋው ሳትነሳ። ይቅርታም ምስጋናም አልተባባሉም። ታናሽየዋ በሩን ከሚገባው በላይ ጮክ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

እንደምሰማው ዛሬ ታናሽየዋ ደንበኛ ስትቀበል ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም፤ ከንፈሩ ላይ ትንሽ ነገር ያየችበትን ትመልሳለች። የተመለሱት ተቀይመው ሌላ ቤት ሄደዋል። ምሳውም እንደቀጠለ ነው፤ አየር መሳሳሙም፣ ጫማውና ምላሱም።

በቅርቡ ቢሯችን የምትሠራው ገንዘብ ያዣችን ሠርጓ ሲደርስ ፊቷን በመርፌ ልታስነካ መሆኑን አወራች። ፍሬን ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና እንደ ፈተና ተማሪ አፋጠጠቻት። ምች ይመታሻል? ማታ ማታ ምን ትቀቢያለሽ? አርግዘሻል? ልጅቷ አፍራ ሳቀች። ፍሬን ግን ጆሮዋን አየች፤ ጉትቻ የተበሳበት ቦታ ላይ እንደ ባቄላ ያበጠ ጠባሳ ነበር።

«ይሄ ምንድነው? ሲበሱሽ ነው እንዲህ ያበጠው? ሐኪም ሳያይሽ ፊትሽን እንዳታስነኪ። ሐኪሙ ይሁን ካለሽ እህቴ ጋ ሂጂ። ጸባይ የላትም፤ ግን ትጠይቃለች።»

ልጅቷ ሐኪም ጋ ሄደች። የእሷ ዓይነት ቆዳ ሲወጋ ሊያብጥ ስለሚችል ይቅርብሽ ተባለች። ሠርጓን ከነብጉሯ ደገሰች። ሠራተኛው ሁሉ ተጠርቶ ፍሬን አልተጠራችም፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሲገናኙ ልጅቷ ሰላም አትላትም።