ባሕር የጎደለው ቁልቋል

ቅዳሜ ጠዋት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ የተነሳሁት አንዲት ላም ለማዳን ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጥሪ በየቀኑ አይደርሰኝም።

በዋዜማው ወተት የምታመጣልኝ ዘሀራ ደውላ፣ «መምህር፣ ለሣር ችግሬ መላ አገኘሁ! ከወሎ ያስመጣሁት ቁልቋል አድጓል፤ ነገ ለላሜ ለቦራ ቆርጬ እሰጣታለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ወሎዎች በድርቅ ጊዜ እሾሁን በእሳት ለብልበው ከብት እንደሚቀልቡበት አውቃለሁ። ቀጥላ ግን፣ «ሲቆርጡትማ ወተቱ ይንዠቀዠቃል፤ የቦራንም ወተት ይጨምርልኛል» ስትል ክው አልኩ። ወሎዎች የሚቀልቡት ካክተስ ወተት የለውም፤ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል መርዛማ ነው! መልስ ሳልሰጣት ስልኳ ተዘጋ፤ ደጋግሜ ብደውልም አልሠራ አለ።

አከራዬ አቡ ሀሩን የቤርታ ሰው ናቸው። በግቢያቸው ጥግ በለስ የሚባለው ካክተስ አላቸው፤ «ቲን» ይሉታል። ጉዳዩን ስነግራቸው ሳቁ።

«ሴትዮ ያለው ጂንስ ሌላ ነው። ይሄ ቲን ወተት የለም። ውሰድ፣ አሳይ።»

ተማሪዎቼ «ጂነስ» የሚለውን የባዮሎጂ ቃል ሲፈሩት፣ እሳቸው ዓይነት ለማለት በዓረብኛው «ጂንስ» እያሉ ማሽላም ጫማም ይለዩበታል። ሦስት ዝርግ የበለስ ቁራጭ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ።

በባጃጅ መናኸሪያ ደርሼ ሚኒባስ ያዝኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሣሩ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ አረንጓዴ የቀረው ማንጎው ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ኦሮሞ ነጋዴ በድንገት ዘለለ። «ማል ኩን! ምንድነው ይሄ? ጃርት ነው የጫንከው?» እሾሁ ካርቶኑን በስቶ ጭኑን አግኝቶታል። ይቅርታ ጠይቄው ካርቶኑን እስከ ባምባሲ ጉልበቴ ላይ አቀፍኩት፤ ከዚያ በኋላ የተወጋሁት እኔ ነኝ።

ግቢዋ ስደርስ ዘሀራ እጇን በፌስታል ጠቅልላ በገጀራ ትከትፋለች። ሳፋው ውስጥ ቁልቋሉ ከገለባና ከጨው ጋር ተደባልቋል፤ ቦራ አፍንጫዋን አስጠግታለች። ሰላም ሳልል ሳፋውን በእግሬ ደፋሁት።

«ምን ነካህ፣ መምህር?»

«መርዝ ነው!»

«የአባቴን ቁልቋል ነው መርዝ የምትለው?» ብላ ገጀራውን እንደያዘች አፈጠጠችብኝ።

ዘሀራ የተወለደችው እዚሁ ባምባሲ ነው። ወላጆቿን ደርግ ከወሎ አምጥቶ አሰፈራቸው፤ እሷ ወሎን የምታውቀው በአባቷ ወሬ ብቻ ነው። በድርቁ ከብቶቻቸውን ያተረፈው ቁልቋል እንደሆነ እየነገሯት አሳደጓት። እሷም ለዘመዷ «ቁልቋል አምጣልኝ» አለችው፤ አመጣላት።

ከእሷ ቁልቋልና ከእኔ በለስ አንዳንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ቆረጥኳቸው። ከእሷው ነጭ ወተት ፈሰሰ፤ ከእኔው እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ውኃ ብቻ ወጣ።

«ያንቺው የአገሩ ቁልቋል ነው፤ የቅንጭብ ዘመድ። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ነው። ይሄኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ካክተስ ነው፤ ወገኑ ኦፑንቲያ ይባላል። እሾሁ የሚበቅለው ከእነዚህ የጥጥ ነጠብጣቦች ላይ ነው፤ ቅጠል የሚመስለውም ግንዱ ነው። ወሎ ውስጥ ሙሉ ስሙ የባሕር ቁልቋል ነው።»

የሚፈሰውን ወተት እያየች፣ «አባቴ ቁልቋል ነው ያለኝ። ዋሽቶኝ ነው?» አለች። አንጀቴን በላችው።

«አልዋሹም። የቤቱን ሰው በሙሉ ስሙ የሚጠራ ማን አለ?»

የቆረጥኩትን በለስ እሳት ላይ ለበለበችው፤ እሾሁ እየተንጣጣ ረገፈ። ቀዝቀዝ ሲል ቆራርሳ ዘረጋችላት። ቦራ አሸተተች፣ በላች፣ እጇንም ላሰች።

«አብሽር፣ አባዬ» አለች ዘሀራ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። የቀሩትን ሁለቱን ከአጥሩ ሥር ተከልናቸው።

አመሻሽ ላይ አሶሳ ስገባ አቡ ሀሩን በር ላይ ጠበቁኝ። «ላሙ ደህና ነው?»

«ደህና ናት። ቲን ጨምሩልኝ ትላለች።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ለራሳችን ቁልምጫው ይበቃናል፣ ለልጅ የሚወረሰው ግን ሙሉ ስሙ ነው። ይህን እያሰብኩ ከጣቴ እሾህ ስለቅም ስልኬ ጮኸ።

«መምህር፣ የባሕር ቁልቋሌን ውኃ ላጠጣው?»

«የባሕር» የምትለዋን ጠበቅ አድርጋ ነበር የጠራቻት።