ጸጥ ያለው ድስት

የወጥ ቤት ሥራ የጀመርኩት በ1959 ዓ.ም. በጋ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ቤቱ ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ የአንዲት ፈረንጅ አስተማሪ ነበር። ባሌ ካረፈ ወዲህ ልጄን ይዤ እንድገባ የፈቀዱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በመጀመሪያው ቀን ማዳም ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት አሳዩኝ። ዶሮው ከቲማቲም፣ ከኮምጣጤ፣ ከበርበሬና ከስኳር ጋር ይቆለፍበታል። ሲበስል በሁለት ሹካ ተበጣጥሶ ዳቦ ውስጥ ይገባል። የዶሮን አሥራ ሁለት ብልት ሳላበላሽ ማውጣት የተማርኩ ሴት ነኝ። ስኳሩን ሳይ ደነገጥኩ።

«ይህን ቀዳዳ እዪ» አሉኝ ክዳኑ ላይ እየጠቆሙ፣ በተሰባበረ አማርኛ። «ካፏጨ ጥሩ። ዝም ካለ ጥሩ አይደለም። እሳት አጥፊ።»

በሳምንቱ እንግዶች ለምሳ ተጠሩ። ምሳው ካማረ በቋሚነት እቀጠራለሁ። የግቢው ዘበኛ ዶሮውን በስመ አብ ብሎ አረደልኝ፤ ገነጣጥዬ ድስቱን ቡታጋዙ ላይ ጣድኩ። ልጄ እዚያው አጠገብ ሰሌን ላይ ተኝታለች። ሳህን ላመጣ ወደ ሳሎን ሄድኩ።

ስመለስ ልብስ አጣቢዋ እትዬ አስካለ ድስቱ ፊት ቆመው እጃቸውን ይጠራርጋሉ። ሐኪም ጋራ የሚባለው ኮረብታ ላይ ካለው ቤታቸው አረቄ የሚያወጡ ሴት ናቸው።

«ድስትሽ እኮ ይተነፍሳል» አሉኝ። «ጣዕሙ ሁሉ በአየር ሊሄድ ነው። እንደ አረቄ እንስራዬ ቀዳዳውን በሊጥ ደፈንኩልሽ።»

ድስቱ ጸጥ ብሏል።

«እትዬ፣ ይውጡ» አልኩ። እሳቱን አጥፍቼ ልጄን ከነሰሌኗ አፍሼ ወጣሁ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ። በሩን እንዳለፍኩ ፈነዳ።

ስንገባ ዶሮው ጣሪያው ላይ ተለጥፏል። ልጄ ተኝታበት በነበረው ቦታ የፈላ መረቅ ይጨሳል። ልጄን እንዳቀፍኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ማዳም ሮጠው መጡ። ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ ልጄን አገላብጠው አዩ።

«ተቃጠለች?»

«ምንም አልነካት» አልኩ።

እትዬ አስካለ ፊታቸው አመድ መስሏል። «የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ እሷ የለችበትም» አሉ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣ «ለመበጣጠሱስ ሹካ አላስፈለገውም» ብለው ጨመሩ።

ማዳም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እንግዶቹ እንቁላል በዳቦ በሉ። ማታ ስሰናበት ማዳም፣ «ነገም፣ ሁልጊዜም ትመጫለሽ» አሉኝ።

ለአዲስ ወጥ ቤት ሠራተኞች የምለው ይህን ብቻ ነው። ስለ ዕቃው የተነገረሽን ወጥ ቤት ለሚገባው ሁሉ ንገሪ። ልጅ እሳት አጠገብ አታስተኚ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን አዝዬ ጧፍ ለማርያም አበራሁ። ከዚያ ልጄን ለዘበኛው ሰጥቼ መሰላል ላይ ወጣሁና ጣሪያውን አጠብኩ። መሰላሉን የያዙልኝ እትዬ አስካለ ነበሩ።