ከትከሻ በላይ

ሰውየው ለሳኝ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ኮርኒስ» ይሉታል፤ በእውነተኛ ስሙ ብትጠሩት ዞር ብሎም አያያችሁ። ግድግዳ መለሰን ማንም ይሞክረዋል። ኮርኒስ ግን አንገት ይሰብራል፣ ዓይን ውስጥ ሲሚንቶ ይጨምራል፣ ከሁሉም በላይ ቀኑን ሙሉ እጅን ሽቅብ ማንሳት ይጠይቃል። እሱ የታወቀው በዚህ ነው። በቁጣውም እንዲሁ። ጠዋት አሸዋው በደንብ አልተነፋም ብሎ የጀመረውን ንትርክ፣ ማታ ዕቃውን ሲያጥብ ነው የሚጨርሰው። ሚስቱም ንትርኩ ሰልችቷት ከሄደች ቆይታለች።

ከመወጣጫው የወደቀ ዕለት ቀኝ ክንዱ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ አጥንቱ ከቦታው አልተንሸራተተም፣ ለጥቂት ሳምንታት በጨርቅ ይንጠልጠልና ከዚያ ቀስ በቀስ ይንቀሳቀስ አለ። ይህን አብራው የሰማችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ስለሆነ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሳታገባ የቀረችውም በእሱ ምክንያት ነው እያለ ዘመድ ያማል። «እትዬ» ነው የሚላት። ከእሱ ቤት ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እትዬ ታዲያ ከሐኪሙ ቃል «ይንጠልጠል» የሚለውን ይዛ ቀረች። «ይንቀሳቀስ» ያለው በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ።

ክንዱን ደረቱ ላይ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ሐኪሙ ያለው ጊዜ አለፈ፣ እሷ አልፈታችም። ፈታ አድርጋ ስትሞክረው ያመዋል። ካመመው አልዳነም፣ ካልዳነ ይታሰር! አለመንቀሳቀሱ ራሱ እያሳመመው እንደሆነ ማን ይንገራት? አጎረሰችው፣ ሸሚዙን ቆለፈችለት፣ የጫማውን ክር አሰረችለት። እሱም ቢሆን እየተነጫነጨ ይቀበል ነበር እንጂ ተዪኝ አላለም። በመጨረሻ ፎርማኑ የትልቁን አዳራሽ ኮርኒስ እሱ እንዲሠራው እንደሚፈልግ፣ ክረምት ሳይገባ ካልተመለሰ ግን ለሌላ እንደሚሰጥ ላከበት። ያኔ ጨርቁን በጥርሱ ፈታና እጁን ወደ ላይ ላንሳ አለ። ክንዱ ደረቱ ጋ ደርሶ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አልታዘዝም አለው።

ወደ ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል የሄዱት ሁለቱም ናቸው፣ እየተጨቃጨቁ። ባለሙያዋ ጥግ የቆመውን የፕላስቲክ አጽም አስጠግታ ታሳያቸው ጀመር። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ ወደ አንድ በኩል ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ በቃ። ትከሻ ግን ሌላ ነው። የክንዱ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ እጅ ወደፈለገው ይዞራል። አጥንት በራሱ አይሄድም፤ ጡንቻ ይጎትተዋል፣ ጅማት ደግሞ ከቦታው እንዳይወጣ ይይዘዋል። መገጣጠሚያው ካልተንቀሳቀሰ በዙሪያው ያለው ሽፋን ይኮማተራል። የእርስዎም የሆነው ይኸው ነው፣ አጥንቱማ ድኗል አለችው። ይህን ብላ የአጽሙን ክንድ በሁለት ጣት ሽቅብ አነሳችው። ምንም ሳያስቸግራት ወጣ።

«እሱማ ምን አለበት፣ እህት የለው!» አለ ኮርኒስ።

እትዬ አንገቷን ደፋች። ባለሙያዋ ግን የእትዬን እጅ ይዛ የወንድሟ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻው በታች ያለችው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አስቀመጠችው። ክንድ ሲነሳ ይህችም እየተንሸራተተች ትከተላለች፤ አሁን ግን ክንዱ ስለደረቀ ሥራውን ሁሉ ብቻዋን ልትሠራለት ትሮጣለች። በአንድ መዳፍሽ እሷን ያዥ፣ በሌላው እጅሽ ክንዱን ቀስ አድርገሽ አንሺ፤ መንጠቅ የለም፣ ግን ያዝ ሲያደርገው ቶሎ አትልቀቂ፣ በየቀኑ ካልተሠራ አይመለስም አለቻት።

እንግዲህ ያሰረችው ልትፈታው ነው። ከሥራዋ ስትወጣ ትመጣለች፣ ዱካ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ታነሳለች። ደረቱ ጋ ሲደርስ ይጮኻል። «እኔን!» ብላ ትለቃለች። በማግስቱም እንደዚያው። ክረምቱ እየቀረበ ነው፣ ክንዱ ካለበት ፈቀቅ አላለም፣ እሱ በንዴት ሊፈነዳ ደርሷል። ሰው እንዴት አንዴ በማሰር፣ አንዴ በማዘን ሁለት ጊዜ ይበደላል?

አንድ ቀን ታዲያ እጁን ስትለቀው ብሽቅ ብሎ፣ የምትሰፊው ሱሪ አንዱ እግሩ ካንዱ ይረዝማል እያለ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብሻል አላት። እትዬ ስለ ስፌቷ ከመጡባት አትምርም። ማነው ያለው? ብላ ክንዱን ያዘች። እሱ ጮኸ፤ እሷ አልለቀቀችም። መጀመሪያ ስሙን ንገረኝ አለች። ክንዱ ከደረቱ አልፎ ትከሻው ጋ ደረሰ።

ኮርኒስ መላውን አገኘ። ከዚያ ወዲያ ዱካው ላይ እንደተቀመጠ ስድብ ይጀምራል። ስለ ወጥዋ፣ ስለ አረማመዷ፣ ሳያገባት ስለሄደው ሰውዬ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ታነሳለች፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ ይሳደባል፤ ጎረቤት ተጋደሉ ብሎ በር ያንኳኳል። ክንዱ ግን ጆሮው ጋ ደረሰ። ሲጀመር ሆን ብሎ ነበር፤ እየቆየ ግን የቱ ለክንዱ፣ የቱ ከሆዱ እንደሆነ ለራሱም ጠፋው። እውነቱን ለመናገር፣ ተናዶባት ነበር። ክፉኛ ተናዶባት ነበር።

ጥቂት ሲቀረው ክንዱ እንደገና ያዝ አደረገው፤ ለቀናት አልነቃነቅ አለ። ስድቡም አልቆበት ነበር።

«አንቺ እናቴ ብትሆኚ ኖሮ እንዲህ አታስሪኝም ነበር» አላት።

እትዬ መዳፏ ጀርባው ላይ እንዳለ ክንዱን አነሳችው። አልነጠቀችም፣ አልቸኮለችምም፤ ልቀቂኝ ሲላት ብቻ የሰማች አትመስልም። ክንዱ ጆሮውን አልፎ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከዚያ በዝግታ አውርዳ ጭኑ ላይ አኖረችለትና ነጠላዋን ይዛ ሄደች። በማግስቱ አልመጣችም። በሌላውም ቀን።

አዳራሹን እሱ ያዘው። የልስን ማንኪያውን ሽቅብ ሲልክ ትከሻው ቢንቋቋም ይታዘዝለታል። ፎርማኑ ደስ አለው። ኮርኒስ ግን አሸዋውም ተነፍቶ፣ ውሃውም ተስተካክሎ ሲመጣለት ይሳደባል፤ ማንን እንደሚሰድብ ግን አያውቅም። በመጨረሻ ከነሥራ ልብሱ ወደ ስፌት ቤቷ ሄደ።

እትዬ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆመና እጁን ሽቅብ አነሳ። እሷ ተነስታ ከኋላው ዞረች፣ መዳፏን ጠፍጣፋዋ አጥንት ላይ አድርጋ ጠበቀች። አጥንቷ አልቀደመችም፣ ክንዱን ተከትላ ነው የሄደችው።

«ድኗል» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽ...»

«እህትህ ብቻ ብሆን ኖሮ አላስርህም ነበር» አለች፣ ጨርቁን እያስተካከለች። «በሳምንቱ ሂድ ሥራህን ሥራ ብዬ አስወጣህ ነበር። ይሰበርብኛል ብዬ ፈርቼ አሰርኩህ። አጥፍቻለሁ፣ ያጠፋሁበትን ብትሰድበኝ እችለው ነበር። አንተ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሆንኩልህን ነው የሰደብከው።»

ኮርኒስ እጁ እንደተነሳ ነበር፣ ማውረዱን ረስቶታል።

«አውርደውና ውጣ፣ ብርሃኑን ጋርደህብኛል» አለችው።

አወረደውና ወጣ።