ለመሳሪያው የጠረግሁት ግቢ

እኔ ቤቴን ሰው ሲያማው ከምሰማ ጅብ ቢበላኝ ይሻለኛል። ከሚሴ ውስጥ እንደኔ ግቢ የሚጠረግ የለም እያልሁ ነው የኖርሁት። እንግዲህ አንዲት የጤና ባለሙያ ከሥራ ጓደኛዋ ጋር መጥታ፣ «አየር የሚመረምር መሳሪያ ግቢዎ ውስጥ እንትከል» ስትለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ደጅ ያሰጣሁት ማሽላ ነው፤ የልጄ ደረት አይደለም።

የመጡት ግን ለልጄ ነበር። አስም አለባት፤ በያመቱ በዚህ ወራት ትታፈናለች። እኛ ከጨፋ ሜዳ የሚነሳው አቧራ ነው እንላለን።

መሳሪያው በእግር የቆመ ሳጥን ነው። በቀጭን ቱቦ አየር ይስባል፣ ውስጡ ጨረር አለው። ብናኟ በጨረሩ ስታልፍ ተራ አፈር ከሆነች አንድ ዓይነት፣ የአበባ ብናኝ ወይም ሻጋታ ከሆነች ሌላ ዓይነት ታበራለች፤ ያየውን ኮምፒውተር ላይ ያወጣዋል አለችኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ያየውን» የምትለዋን ነው። የሚያይ ከሆነ ያው እንግዳ ነው።

ስለዚህ ሳይመጣ አሰናዳሁለት። እኛ ማሽላ የምናኖረው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ለገበያ ሳወጣው የጉድጓድ ሽታው እንዲለቀው ከልጄ መስኮት ሥር አሰጣዋለሁ። አሁን ጉድጓዱን በጭቃ መረግሁት፤ የተሰጣውን ሰብስቤ ጨፋ ሮቢት ወንድሜ ቤት ላክሁ፤ ደጁን ጥርግ አደረግሁት። መሳሪያውን ሲተክሉ «ግቢዎ እንዴት ያምራል» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ወላሂ አልዋሽም።

ሳምንቱን ሙሉ ልጄ አልታፈነችም። መሳሪያው በረካ አለው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ሊነቅሉት ሲመጡ ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ ግራ ገባት። «እናቴ፣ እዚህ የሚያፍናት ነገር አላገኘንም። ነገ ወደ ባቲ እንወስደዋለን።»

«እኔም እኮ ይሄን ሳምንት ደኅና ነበርኩ» አለች ልጄ።

«ታዲያ ምን ተለወጠ?» አለችና ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞረች።

ያ ረቢ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ አርጅቻለሁ። ዝም ብል መሳሪያው ይሄዳል፣ ማሽላው ይመለሳል፣ ልጄ ትታፈናለች። ማሽላውን ከመስኮቷ ሥር አንስቼ መደበቄን ተናገርሁ።

መሳሪያው ባቲ መሄዱ ቀርቶ፣ በማግስቱ ወንድሜ ከላክሁት ማሽላ አንድ ጆንያ ይዞ መጣ። ልጄን ጎረቤት ልከን ማሽላውን የድሮ ቦታው አሰጣነው። ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ወጣ። «ሻጋታ ነው» አለች ባለሙያዋ፣ እንዳላፍር ብላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እሱ ባሰብኝ።

ማሽላው ተነስቶ፣ ቦታው ውሃ ተረጭቶበት ልጄ ተመለሰች። ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። የተጠረገውን ደጅ አየችና ሳቀች።

«እማ፣ ለሳጥኑ ነው እንዲህ የጠረግሽለት?»

መጥረጊያው ገና እጄ ላይ ነበር። አዎ አልኋት።